እንግዳ ይቅደም

ሳይጎን፣ ጁላይ 6 ቀን 2009

ለተከበሩ አክስቴ ለቲን፣

ጉልበትዎ እንዴት ነው? ይህን ያስቀደምኩት የደብዳቤ ወግ ስለሆነ ብቻ አይደለም። የሄድኩ ዕለት የመንደራችንን አዳራሽ ደረጃ በአንድ እግር ሲወርዱ አይቼዎታለሁ።

ስልኬን የማላነሳው ታምሜ አይደለም። የገባን ቀን የሁላችንንም ስልክ ሰብስበው በካርቶን አሸጉት። የቴሌቪዥኑ የዘፈን ውድድር እስኪያልቅ አሥራ ሁለት ሳምንት አናገኘውም። ደብዳቤ ግን አልከለከሉም፤ በዚህ ዘመን ማን ይጽፋል ብለው ይመስለኛል። ጋሼ ካይ የሚባል የፕሮግራሙ ኃላፊ አለ። ከውጭ አገር የተገዛ፣ የጡብ ያህል የሚወፍር የመመሪያ መጽሐፍ ይዞ ይዞራል። መብራቱ መቼ እንደሚጠፋ፣ ተሸናፊው ስንት ሰከንድ እንደሚያለቅስ፣ ዳኛው የት ላይ እንደሚሳደብ ሁሉ እዚያ ውስጥ አለ። ስድቡን ጋሼ ካይ ሰርዞታል። «እዚህ አገር አንድ ሽማግሌ የሰውን ልጅ በሕዝብ ፊት 'ድምፅሽ የድመት ነው' ቢላት እናቷ መጥታ ጣቢያውን ታቃጥለዋለች» ይላል። ስለዚህ ዳኞቻችን «ገና ትለምጃለሽ ልጄ» ይላሉ። ትርጉሙ ያው ነው።

ለአንድ ዘፈን ዘጠና ሰከንድ ይሰጡናል። ባለፈው ሳምንት ጋሼ ካይ የመሰነባበቻውን ዘፈን እንድዘፍን ፈለገ፤ ሰው ያስለቅሳል ብሎ።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ እንግዳ ተነስቶ ሲሄድ ነው የሚዘፈነው። ገና ሲገቡ ከዘፈንኩት 'ውጡልኝ' ማለት ነው» አልኩት።

«ማን ያውቅብሻል?»

«መንደሬ ዶንግ ሳ ያውቃል።»

ሌላ ዘፈንኩ። ከመጨረሻው ሦስተኛ ሆኜ ለጥቂት ተረፍኩ።

ከመሄዴ በፊት ስለ ፋብሪካው ለጠየቁኝ፦ ስሜን ሰርዘውታል። ያለ ፈቃድ ስለሄድኩ አይመልሱኝም። እንግዲህ ወይ እዚህ እስከ መጨረሻው ደርሼ በመዝፈን እኖራለሁ፣ ወይ ሌላ ፋብሪካ ገብቼ ከመጀመሪያው ወንበር እጀምራለሁ። ሦስት ዓመት የብየዳ ጭስ ላይ አቀርቅሬ ድምፄ ምን እንደሆነ ከእኔ በላይ እርስዎ ሰምተውታል። ሌላ ሦስት ዓመት ከጨመርኩበት የሚተርፍ ነገር የለም።

ቢክም እዚህ ናት፤ የወንዙ ማዶዋ፣ የቫን ኬዋ። አልጋችን ጎን ለጎን ነው። ከእሷ ጋር እንዴት ልሁን?

የወንድምዎ ልጅ ሉየን


ዶንግ ሳ፣ ጁላይ 13 ቀን 2009

ልጄ ሉየን፣

ጉልበቴ ያው ነው። ሽቅብ ያመኛል፣ ቁልቁል ይብስብኛል። የሩዙ ተከላ አልቋል። አባትሽ ደህና ነው። ሰላም በይልኝ አላለኝም፤ ግን እስክሪብቶውን ፈልጎ ያመጣልኝ እሱ ነው።

በመሰነባበቻው ዘፈን ልክ አድርገሻል። ሁላችንም አዳራሽ ተሰብስበን ነው ያየንሽ። በማስታወቂያ መሰነባበቻውን ትዘፍናለች ብለው ስለነበር ሌላ ዘፈን ስትጀምሪ ቤቱ በሙሉ ተነፈሰ። የእኛ የኳን ሆ ዘፈን ጥንድ ሆነው የሚዘፍኑት እንጂ ለአንድ ሰው አልተሠራምና ብቻሽን ስትዘፍኚ ለጆሯችን ጎደለብን። ሁለተኛውን ድምፅ እኔው ከወንበሬ ሆኜ ሞላሁት፤ አንቺ አልሰማሽም እንጂ አብረን ዘፍነናል። የጎረቤታችን የቴዎ ምላስ መቼ ያርፋል፦ «ልብሷ ላይ ያንን ሁሉ የዓሣ ቅርፊት ማን ለጠፈባት?» አለች። ጥምጥም ላይ የሚያብለጨልጭ ነገር አይለጠፍም በያቸው።

ከቢክ ጋር እንዴት ልሁን ብለሽ የጠየቅሽኝ ግን አልገባኝም። ምኑ ነው የሚጠየቀው? ቫን ኬ ቫን ኬ ነው። በሦስት ዓመት ብትበልጫትም እትዬ ትያታለሽ፤ እሷም እትዬ ትልሻለች። በአያቶቻችን ጊዜ ጎርፉ አዳራሻችንን ሲወስደው ምሰሶዎቹን በጀልባ አሳደው የመለሱልን እነሱ ናቸው። ከዚያ ወዲህ እንደ እህትና ወንድም ሆነናልና በእኛና በእነሱ መካከል ጋብቻ የለም፣ ክስ የለም፣ ከእነሱ ቀድሞ የጎረሰ የዶንግ ሳ ሰው የለም። እነሱም ከእኛ ቀድመው አይጎርሱም። አንድ ማዕድ ላይ ከቀረባችሁ መመገቢያ እንጨትሽን ከእሷ በፊት እንዳታነሺ። ይኸው ነው።

የዘፋኞቹ ረድፍ ላይ ቦታሽ ክፍት ነው። ማንም አልተቀመጠበትም።

አክስትሽ ቲን


ሳይጎን፣ ጁላይ 24 ቀን 2009

የተከበሩ አክስቴ፣

ስለ ብልጭልጩ ይቅርታ። ከጥምጥሙ ላይ ለምኜ አስነሳሁት፤ ከቀሚሱ ላይ ግን እምቢ አሉ።

ከቢክ ጋር እንዴት ልሁን ያልኩት እንዲሁ አልነበረም። ያኔ ጭምጭምታ ሰምቼ ነበር፤ አሁን እውነት ሆኗል። ስድስት ቀርተናል። በመጽሐፉ ሰባተኛ ሳምንት ላይ «ፍልሚያ» የሚባል አለ። ሁለት ዘፋኝ ፊት ለፊት ይቆማሉ፣ ተመልካች በስልክ መልእክት ይፈርዳል፣ የተሸነፈችው ትወጣለች። ጋሼ ካይ እኔንና ቢክን አጣመረን። ደስታው ልክ አልነበረውም።

«እናንተ እኮ ፈረንጅ ሳያስበው ውድድር የነበራችሁ ሰዎች ናችሁ! አንዷ ትጠይቃለች፣ ሌላዋ በዚያው ዜማ ትመልሳለች። መጽሐፉ ለእናንተ የተጻፈ ነው የሚመስለው!»

«ከሌላ መንደር ጋር እንወዳደራለን። ከቫን ኬ ጋር ግን አንወዳደርም» አልኩት።

«ለምን? ተጣልታችኋል?»

«አልተጣላንም። ለዚህ እኮ ነው።»

ወደ ቢክ ዞሮ «አንቺስ?» አላት።

«እትዬ ሉየን ያሉት ነው» አለች።

«እትዬ ቢክ ካልፈለጉ እኔ አልችልም» አልኩ።

«ቆይ፣ ቆይ። ከሁለታችሁ ታላቋ ማናት?»

«እሳቸው ናቸው» አልን እኩል፣ እርስ በርስ እየተጠቋቆምን። ጋሼ ካይ መጽሐፉን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀመጠ።

አክስቴ፣ ልዝፈን ወይስ ልተው? ከተውነው ሁለታችንም እንባረራለን። ቀኑ ኦገስት 9 ነው፤ ደብዳቤ አምስት ቀን ይፈጃልና ቶሎ ይጻፉልኝ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ስጽፈው ፊቴ ጋለ። ለፍርዱ በስልክ የሚላከው የእኔ ቁጥር ሰባት ነው። የእሷ አሥራ ሁለት። ለመንደሩ ይንገሩልኝ ማለቴ አይደለም። ቁጥሩን እንዲያውቁት ያህል ነው።

ሉየን


ዶንግ ሳ፣ ጁላይ 31 ቀን 2009

ልጄ ሉየን፣

ዝፈኚ። ሁለታችሁም ከምትባረሩ ከወንዙ ከየትኛውም ዳር ትሁን አንዳችሁ ብትቀር ይሻላል።

እሷ ትጀምር። ስትጠይቅሽ በሙሉ ድምፅሽ መልሺላት፤ ለእንግዳ የለሰለሰ መልስ መስጠት ንቀት ነው። አውቀሽ እንዳትሸነፊ። አውቀሽም እንዳታሳፍሪያት። ይህን ለቴዎ ሳነብላት «በሁለቱ መካከል የቀረው ክፍተት መርፌም አያሳልፍ» አለች። አንቺ ግን ታሳልፊዋለሽ። ከዘጠኝ ዓመትሽ ጀምሮ ያስተማርሁሽ ይህንኑ ነው።

የጻፍሽው ሌላው ጉዳይ ደርሶኛል። አዳራሽ ተቀምጠን እንነጋገርበታለን። አንቺ በእሱ አታስቢ።

ጉሮሮሽን ጠብቂ። በረዶ ያለበት ነገር አትጠጪ። ሳይጎን ሁሉም ነገር በበረዶ ነው ይባላል።

አክስትሽ ቲን


ሳይጎን፣ ኦገስት 11 ቀን 2009

የተከበሩ አክስቴ፣

ተሸንፌአለሁ። በቴሌቪዥን ስላያችሁት አዲስ ነገር አይደለም፤ ግን ከእኔም መስማት ይገባዎታል።

እሷ ትጀምር ብለውኝ ነበር። ለካ እሷም ከቤቷ «ሉየን ትጀምር» ተብላ ኖሯል። መብራቱ ሲበራ እጅ ነሳኋትና «ይቅደሙ እትዬ» አልኳት። «ኧረ እርስዎ ይቅደሙ እትዬ» አለችኝ። «እርስዎ ቆመው እኔ እንዴት?» «ይህማ አይሆንም።» ሦስት ጊዜ ተመላለስን። ጆሯችን ውስጥ ካለው ማዳመጫ ጋሼ ካይ «አንዳችሁ ጀምሩ! ማንም ትሁን! ማስታወቂያ እየጠበቀን ነው እባካችሁ!» እያለ ይጮሃል። አሥራ ስድስት ሰከንድ አቃጥለናል አለኝ በኋላ። ተመልካች ግን የተጠና ነገር መስሎት አጨበጨበ።

በመጨረሻ ቢክ ጀመረች። መለስኩላት። ከዚያ የተሻለ ዘፍኜ አላውቅም። ይህን የምለው ለመመካት አይደለም፤ የሆነው ነገር በትክክል እንዲጻፍ ነው። ሽማግሌው ዳኛ «ትለምጃለሽ» አላለኝም። ተነስቶ ቆመ፣ መልሶ ተቀመጠ።

ከመላው አገር በመጣው መልእክት የተሸነፍኩት በአንድ መቶ ስልሳ ሁለት ብልጫ ብቻ ነው።

ቢክ መድረኩ ላይ አለቀሰች፣ ክፍላችን ገብታም አለቀሰች። መጽሐፉ ላይ የሚያለቅሰው ተሸናፊው ስለሆነ ካሜራው ማን ላይ እንደሚያርፍ ጠፍቶት ነበር። እኔ ሻንጣዬን ላዘጋጅ ስል አስታወሱኝ፦ ተሸናፊዎች እስከ መጨረሻው ቀን ከኋላ ቆመን እንድናጅብ ውል ፈርመናል። ስልካችንም እንደታሸገ ነው።

አንድ ነገር ብቻ ይጻፉልኝ። ከዶንግ ሳ ስንት ሰው ላከልኝ? እነማን ናቸው? ስገባ በየቤታቸው እየሄድኩ አንድ በአንድ ላመሰግናቸው እፈልጋለሁ።

ሉየን


ዶንግ ሳ፣ ኦገስት 18 ቀን 2009

ልጄ ሉየን፣

ደብዳቤሽ ትናንት ደረሰ። ዝናቡ አላባራ ብሏል፤ የታችኛው ማሳ ውኃ ተኝቶበታል። የቴዎ ዳክዬዎች ግድቡን ተሻግረው ጠፍተው ሦስቱ ብቻ ተመለሱ። ጉልበቴን የቻይና የመድኃኒት ልጥፍ አድርጌበት ትንሽ ቀለል ብሎኛል።

ስትዘፍኚ አይተንሻል። ጥሩ ነበር። አንገትሽን ቀና አድርገሽ መቆምሽን ሁሉም አመስግኖታል።

ለጠየቅሽኝ፦ የዚያን ዕለት የስልክ መስመሩ መጥፎ ነበር። ለማን እንደተሳካለት፣ ለማን እንዳልተሳካለት አይታወቅም። ስለዚህ ማንንም ለይተሽ ማመስገን አያስፈልግሽም። ሁሉንም በአንድ ላይ እኔ አመሰግንልሻለሁ።

አባትሽ ሰሞኑን ወደ እኔ ቤት ብቅ አላለም። ዝናቡ ይሆናል።

በደንብ ብዪ። ካሜራው ከኋላ ሲያሳይሽ ከስተሽ አየሁሽ።

አክስትሽ ቲን


ሳይጎን፣ ኦገስት 27 ቀን 2009

የተከበሩ አክስቴ፣

ጋሼ ካይ ዛሬ ከምሳ በኋላ ጠራኝ። «ነይ እስቲ፣ በሥራ ዘመኔ እንዲህ ያለ አይቼ አላውቅም» አለኝ። አስተዋዋቂዎቹ ፕሮግራሙ የት የት እንደሚታይ ማወቅ ስለሚፈልጉ የስልክ ኩባንያው መልእክቱን በየአካባቢው አንቴና ለይቶ ይቆጥራል። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋልኝ። ያየሁትን እንዳለ እጽፍልዎታለሁ።

የዶንግ ሳ አንቴና፦ ለቁጥር አሥራ ሁለት፣ 213። ለቁጥር ሰባት፣ 4።

የቫን ኬ አንቴና፦ ለቁጥር አሥራ ሁለት፣ 388። ለቁጥር ሰባት፣ 9።

«ምን አድርገሻቸው ነው? የሰው ባል ቀምተሽ ነው የመጣሽው?» አለኝ። እየቀለደ ነበር። ክፉ ሰው አይደለም። ሻይም አስመጣልኝ።

መስመሩ መጥፎ አልነበረም አክስቴ። ሁለት መቶ አሥራ ሰባት መልእክት ከዚያች መንደር ወጥቷል። ሂሳቡን ላለመሥራት ሞክሬ ነበር፤ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ሠራሁት። ከሁለት መቶ አሥራ ሦስቱ ሰማንያ ሁለቱ ብቻ ለእኔ ቢልኩ ኖሮ ዛሬ ከፊት ነበር የምቆመው።

ሁለት መቶ አሥራ ሦስት ሰው በአጋጣሚ አንድ ቁጥር አይጽፍም። ዶንግ ሳ ውስጥ ያለ ትእዛዝ ጽዋ እንኳ እንደማይነሳ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ስለዚህ ጥያቄዬ አንድ ብቻ ነው፤ ስለ ዳክዬና ስለ ዝናብ አይጻፉልኝ።

ማን አዘዘ?

ሉየን


ዶንግ ሳ፣ ሴፕቴምበር 5 ቀን 2009

ልጄ ሉየን፣

እኔ ነኝ።

መስመሩ መጥፎ ነበር ያልሁሽ ውሸት ነው። ይቅርታ ልጠይቅሽ አልጠይቅሽ ሦስት ቀን ሳስብ ነው ይህ ደብዳቤ የዘገየው። መጀመሪያ የሆነውን ልንገርሽ።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ልጆቹ ስልካቸውን ይዘው «ሰባት ነው አይደል?» ይባባላሉ። ቴዎ «እንዴ! ቫን ኬ ፊት ለፊት ቆማ ለራሳችን ልንቆርስ ነው?» አለች። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። እንግዳ ማዕድ ላይ ባለችበት ለራስ ልጅ ቀድሞ አይቆረስም አልሁ። አሥራ ሁለትን ላኩ አልሁ። እኔም ሁለት ጊዜ ላክሁ።

ይህን ስል ወጉን ብቻ አስቤ ቢሆን ኖሮ ቀና ብዬ እጽፍልሽ ነበር። ግን አስልቼም ነበር። ቫን ኬ ከእኛ ይበዛሉ። እኛ ለእነሱ ስንልክ እነሱ ላንቺ ይልካሉ፣ ባለ ትርፏ የእኛዋ ናት ብዬ በልቤ ቆጠርሁ። ይህንን ስሌት ለማንም አልተናገርሁትም። አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ።

አባትሽ ንግግሬን ሳልጨርስ ተነስቶ ወጣ። አራቱ የእሱ ናቸው። ግድቡ ላይ ቆሞ ካርዱ እስኪያልቅበት ልኳል። ከዚያን ቀን ወዲህ አላናገረኝም።

ባለፈው እሑድ ከቫን ኬ መጡ። የእነሱ ታላቅ እትዬ ስዋን ናት እየመራች ያመጣቻቸው፣ በዚያ እርጅናዋ። ፍራፍሬና ሻይ ይዘዋል። «እኛም ለሉየን ላኩ ብለን ነበር። ልጆቻችን 'ይሄ እኮ ቴሌቪዥን ነው እንጂ ማዕድ አይደለም' ብለው ሳቁብን። የቢክ አባት ደግሞ ቁጥሯን በየግድግዳው ለጠፈ። አፈርን» አለች፤ አለቀሰች። ሁሉም አንገታቸውን ደፍተዋል። እንግዳ ቤትሽ ተቀምጦ ራሱን ሲወቅስ ዝም አይባልም፤ ጥፋቱን አንስተሽ ራስሽ ላይ ታደርጊዋለሽ።

«የእናንተ ጥፋት የለበትም እትዬ። የእኛዋ አጥብቃ አልዘፈነችም» አልኋቸው።

አልሁት። ከሌላ ሰው አፍ እንዳትሰሚው ብዬ ነው የምጽፍልሽ። ስትዘፍኚ ምን እንደሰማሁ እኔ አውቃለሁ።

በጨረቃ አቆጣጠር በስምንተኛው ወር ጨረቃ ስትሞላ ቫን ኬ ወደ እኛ ይመጣሉ። ቢክም ትመጣለች። ፊት ለፊቷ መቀመጥና ሻይ መቅዳት ያንቺ ድርሻ ነው። ሌላ ሰው ባስቀምጥ «ተቀይማለች» ይባላል፤ ከጎርፉ ጊዜ ጀምሮ የቆየው ነገር በእኔ ዘመን ይሰነጠቃል። ትመጫለሽ? ከቢክ ጋርስ በመካከላችሁ ቅሬታ አለ ወይ? እውነቱን ጻፊልኝ።

ይቅርታውን በአካል ስትመጪ እጠይቅሻለሁ።

አክስትሽ ቲን


ሳይጎን፣ ሴፕቴምበር 22 ቀን 2009

የተከበሩ አክስቴ፣

ለጉልበትዎ መልካሙን እመኛለሁ። ስልኬን መልሰውልኛል። ቁጥርዎን ሁለት ጊዜ አውጥቼ ሁለቱንም ጊዜ ዘጋሁት፤ በጽሑፍ ይሻላል።

ከቢክ ጋር ቅሬታ የለንም። የመጨረሻው ቀን ጥምጥሟን ያሰርኩላት እኔ ነኝ። ሁለተኛ ወጣች። እዚህ የዘፈን ድርጅት ወስዷታል፤ ከመንደር ውጭ ትኖራለች ማለት ነው። ጋሼ ካይ ወረቀቱን ለእሷም አሳይቷት እንደሆነ አላውቅም፣ አልጠየቅኳትም።

ስለ ሥራ እንዳይጨነቁ። ቢን ዞንግ ያለ የጫማ ፋብሪካ ተቀብሎኛል፤ ኦክቶበር 12 እጀምራለሁ። ሙጫ መቀባት ነው። ጋሼ ካይ ለሠርግ አዳራሽ ባንድ ሊያገናኘኝ ፈልጎ ነበር። ሄጄ ቆምኩ፤ የመጀመሪያው ዘፈን ሲጀመር ከጎኔ ለቆመችው ልጅ «ይቅደሙ» አልኳት። ባለቤቱ «እዚህ የሚቀድም ነው የሚበላው እህቴ» ብሎ አሰናበተኝ።

ጨረቃ ስትሞላ እመጣለሁ። ከቢክ ፊት ለፊት እቀመጣለሁ። ሻዩን በሁለት እጄ አቀርብላታለሁ፣ እትዬ እላታለሁ፣ እሷ ሳትቀምስ አልቀምስም። እትዬ ስዋን ይቅርታ ከጠየቁኝ «አጥብቄ አልዘፈንኩም» እላቸዋለሁ፤ የተናገሩትን ቃል በሰው ፊት አላፈርስብዎትም። ለእርስዎም እንደ ወትሮው እጅ እነሳለሁ። ይቅርታ ሲጠይቁኝ «ምን ጥፋት አለብዎት?» ብዬ እመልሳለሁ፤ እንዲያ ነውና የሚመለሰው። ይህን ስል ፊቴን አይተው እውነቴን ይሁን አይሁን ለማወቅ ይሞክሩ ይሆናል። አይችሉም። ካስተማሩኝ ሁሉ አጥብቄ የያዝኩት ይህን ነው።

አባቴን አራቱም ደርሰውኛል ይበሉልኝ። ካላናገረዎት ደብዳቤውን ይስጡት።

ባቡሩ ኦክቶበር 1 ጠዋት ሃኖይ ይገባል፤ ከዚያ በአውቶቡስ እመጣለሁ። ሊቀበለኝ ማንም እንዳይወጣ። እንግዳ አይደለሁም።

ሉየን